ያገለገለ ካራቫን ለገዛ ሰው፦ የክብደት ቁጥሮቹ፣ የአያያዙ ቃላትና የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ጥያቄ፦ የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ነው። ባለ 4 አልጋ ያገለገለ ካራቫን ገዝቻለሁ። ሻጩ ስለ ኤም.ቲ.ፒ.ኤል.ኤም.፣ ስለ ኖዝዌይት፣ ስለ ብሬክአዌይ ኬብል እያለ ሲያስረዳኝ ግማሹን አልያዝኩትም። ቃላቱ ምን ማለት ናቸው? ከቤተሰቤ ጋር ከመውጣቴ በፊትስ ምን ምን ዕቃ ልግዛ?

ምላሽ፦ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ለጊዜው ምንም አይግዙ። ካራቫን መኝታና ማብሰያ ያለው ተሳቢ ነው፤ ተሳቢ ደግሞ የሚሸከመው በልክ ነው። የውሃ በርሜሉም፣ ከካራቫኑ ጎን የሚገጠመው ድንኳንም፣ መቆለፊያውም ከዚያ ልክ ላይ ይቀነሳሉ። ሻጩ ከነገርዎት ቃላት ብዙዎቹ ስለ ክብደት የሆኑት ለዚህ ነው።

ከካራቫኑ መግቢያ በር አጠገብ የተለጠፈች ትንሽ ሰሌዳ አለች። እሷ ላይ የተጻፈው ኤም.ቲ.ፒ.ኤል.ኤም. ካራቫኑ ከነሙሉ ዕቃው መንገድ ላይ ሲወጣ ሊያልፈው የማይፈቀድለት ክብደት ነው። ኤም.አይ.አር.ኦ. የሚባለው ሁለተኛ ቁጥር ካራቫኑ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ክብደት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ፔይሎድ ይባላል፤ እርስዎ መጫን የሚችሉት እሱን ብቻ ነው። ቁጥሩ ሰው ከሚገምተው እጅግ ያነሰ ነው። ለምሳሌ ኤም.ቲ.ፒ.ኤል.ኤም. 1,350 ኪሎ፣ ኤም.አይ.አር.ኦ. 1,200 ኪሎ የሆነ ካራቫን እንውሰድ። ፔይሎዱ 150 ኪሎ ነው። ካራቫኑን ያለ መኪና በሪሞት የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ሙቨር 32 ኪሎ ይወስዳል። ባትሪው 22፣ የ6 ኪሎ ፕሮፔን ሲሊንደር ከነጋዙ 15 ገደማ፣ ድንኳኑ ከነምሰሶው 25፣ ባዶ የውሃ በርሜልና የቆሻሻ ውሃ መያዣ 9፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ 6፣ ታኮና መወጣጫው 6 ይመዝናሉ። ድምሩ 115 ነው። ለአራት ሰው ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስትና ምግብ የቀረዎት 35 ኪሎ ብቻ ነው ማለት ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ጋዙን ወይም ባትሪውን አስቀድመው ኤም.አይ.አር.ኦ. ውስጥ ስለሚቆጥሩ፣ ሁለት ጊዜ እንዳይቀንሱ የካራቫንዎን መመሪያ መጽሐፍ ያንብቡ።

መፍትሔው ከባዱን ዕቃ፣ በተለይ ድንኳኑን፣ ወደ መኪናው ሻንጣ ማዛወር ነው፤ መኪናውም የራሱ ልክ እንዳለው ሳይዘነጋ። ሞልተው ከጨረሱ በኋላ ለሕዝብ ክፍት በሆነ የመኪና ሚዛን ላይ አንድ ጊዜ ማስመዘን ከሁሉም ግምት ይበልጣል። አንዳንድ አምራቾች ሻንሲው የሚችለው ከሆነ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው አዲስ ሰሌዳ በክፍያ ይሰጣሉ፤ የካራቫኑን የሻንሲ ቁጥር ይዘው ይጠይቁ።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። የመኪናው ባዶ ክብደት ከርብዌይት ይባላል። የእንግሊዝ የካራቫን ክለቦች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር የካራቫኑ ኤም.ቲ.ፒ.ኤል.ኤም. ከመኪናው ከርብዌይት 85 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። መኪናው 1,600 ኪሎ ከሆነ 85 በመቶው 1,360 ይሆናል፤ ከላይ ያለው ካራቫን ልክ ይገባል። ይህ ምክር እንጂ ሕግ አይደለም። ሕጉ የሚያስገድድዎት መኪናው እንዲጎትት የተፈቀደለትን ክብደት ነው። እሱን በመኪናው የምዝገባ ሰነድ፣ በሎግቡኩ፣ ላይ ኦ.1 በሚለው ረድፍ ያገኙታል፤ ፍሬን ላለው ተሳቢ የተፈቀደው ነው። በመኪናው የሻንሲ ሰሌዳ ላይ ከተደረደሩት አራት የክብደት ቁጥሮች ሁለተኛው ደግሞ መኪናውና ተሳቢው ተደምረው ሊመዝኑ የሚችሉት ነው። አንዳንድ ሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪኖች ጭራሹኑ መጎተት አልተፈቀደላቸውም፤ ስለዚህ ሎግቡኩን ሳያዩ መጎተቻ አያስገጥሙ። መንጃ ፈቃድን በተመለከተ ነገሩ ቀሏል። ከታኅሣሥ 16 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብሪታንያ ተራ የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ያለ ተጨማሪ ፈተና እስከ 3,500 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ መጎተት ይችላል።

ኖዝዌይት የካራቫኑ አፍንጫ በመኪናው መጎተቻ ኳስ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ነው። የተጫነው ካራቫን አጠቃላይ ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶ ቢሆን ይመረጣል፤ 1,300 ኪሎ ለሚመዝን ካራቫን ከ65 እስከ 91 ኪሎ ማለት ነው። ነገር ግን መኪናው፣ መጎተቻውና ኳሱ ላይ የሚቆልፈው የካራቫኑ መያዣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጣሪያ አላቸው፤ መከተል ያለብዎት ከሦስቱ ዝቅተኛውን ነው። መኪናው 75 ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ የካራቫኑ መያዣ 100 ቢችልም ልክዎ 75 ነው። ለመለካት የተሠራ መሣሪያ ይሸጣል፤ ከሌለዎት ካራቫኑን በደልዳላ ቦታ አቁመው፣ የእጅ ፍሬኑን ይዘው፣ ጎማዎቹ ላይ ታኮ አድርገው፣ ከመያዣው ሥር በቁመቱ ልክ የተቆረጠ እንጨት በመታጠቢያ ቤት ሚዛን ላይ አቁመው ማየት ይቻላል።

ይህን ቁጥር ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ምክንያት አለኝ። አፍንጫው ሲቀል ካራቫኑ ከኋላ እንደ ጅራት ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ እንግሊዞቹ ስኔኪንግ ይሉታል፤ ካራቫን የሚገለበጥበት ዋናው መንገድ ይህ ነው። አፍንጫው ሲከብድ ደግሞ የመኪናው ኋላ ይቀመጣል፣ የፊት ጎማዎቹ መንገዱን በሚገባ አይቆነጥጡም፣ መብራቱም የሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። አጫጫኑ ከባዱን ከአክሰሉ በላይ፣ ወለል ላይ ማድረግ ነው። ቀላሉ ወደ ላይኛው ሳጥን ይሂድ፤ ከኋላ ጫፍ ከባድ ነገር አይኑር። ሁለት ጀሪካን ውሃ ከኋላ ማስቀመጥ ኖዝዌይቱን ያቀልላል፤ ከዚያም በላይ አንዴ የተጀመረውን መወዛወዝ እንደ ፔንዱለም ያባብሰዋል። በመንገድ ላይ ከጀመረብዎ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ እግርዎን ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ያንሡ፣ ፍጥነቱ በራሱ ይውረድ። ፍሬን አይርገጡ፤ መሪውን እያጠማዘዙ ለማስተካከልም አይሞክሩ። ፍጥነት ጨምሮ «ማቃናት» የሚሉት ምክር አደገኛ ነው። መወዛወዙ ጋብ ካለ በኋላ ቆመው አጫጫኑን ይለውጡ።

የእንግሊዝ የፍጥነት ገደብም ለሚጎትት ሰው ይለያል፤ የሚሄደውና የሚመጣው መኪና መካከሉ ባልተከፈለ መንገድ ላይ 50 ማይል፣ መካከሉ በተከፈለ መንገድና ሞተርዌይ ላይ 60 ማይል በሰዓት ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ መስመር ባለው ሞተርዌይ የመጨረሻው የቀኝ መስመር አይፈቀድልዎትም።

መኪናውና ካራቫኑ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሦስት ነገር አለ፤ ኳሱ፣ ገመዱና የኤሌክትሪክ ስፒናው። ኳሱ 50 ሚሊሜትር ነው። ብዙ ካራቫኖች መወዛወዝን የሚቀንስ ስታቢላይዘር በመያዣው ውስጥ አላቸው፤ አል-ኮ የሚሠራው ኤኬኤስ 3004 በብዛት የሚታየው ነው። አሠራሩ በኳሱ ዙሪያ ያሉ የግጭት ሸራዎች ጠበቅ አድርገው ሲይዙት ነው፤ ስለዚህ ኳሱ ላይ ግሪስ ከተቀባ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በሌላ ተሳቢ ላይ ግሪስ መቀባት የለመዱ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። አዲስ ኳስ ከሆነ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ያንሡ፣ በአልኮል ይጥረጉ። መታጠፊያ ላይ ጢን ጢን የሚል ድምፅ ከሰሙ አብዛኛውን ጊዜ ኳሱ ቆሽሿል ወይም ሸራው አልቋል። ለዚህ ዓይነት ስታቢላይዘር አንገቱ ረዘም ያለ ኳስ ያስፈልጋል፤ አጭሩ በመታጠፊያ ከመጎተቻው ጋር ይጋጫል።

ብሬክአዌይ ኬብል ቀጭን ቀይ የብረት ገመድ ነው። ካራቫኑ ከኳሱ ላይ ቢያመልጥ ገመዱ የካራቫኑን የእጅ ፍሬን ይስብና ራሱ ይበጠሳል፤ ካራቫኑ ከነፍሬኑ ይቆማል። ሕግ የሚያስገድደው ነው። መጎተቻው ላይ ለእሱ የተሠራ ቀለበት ካለ እዚያው ይታሰር፤ ኳሱ አንገት ላይ ዝም ብሎ ማጥለቅ ገመዱም ከካራቫኑ ጋር አብሮ ከኳሱ ላይ እንዲያመልጥ ሊያደርግ ይችላል። መሬት እንዳይጎተት ያሳጥሩት፣ በመታጠፊያም ፍሬኑን እንዳይስብ ላላ ያድርጉት።

ስፒናው በአዳዲሶቹ ካራቫኖች ባለ 13 እግር አንድ ሶኬት ነው። ከ2008 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠሩት አብዛኞቹ ላይ ባለ 7 እግር ሁለት ሶኬቶች አሉ፤ ጥቁሩ የመንገድ መብራት፣ ግራጫው የፍሪጅና የባትሪ ነው። መኪናውና ካራቫኑ ካልተመሳሰሉ አስማሚ ይሸጣል።

አያያዙ በቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። የካራቫኑ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ አራቱ የማዕዘን እግሮች ተሰብስበው፣ መኪናውን ወደ ኋላ አምጥተው ኳሱን ከመያዣው ሥር ያድርጉ። በፊት ባለችው ትንሽ ጎማ፣ ጆኪ ዊል በምትባለው፣ አፍንጫውን ያውርዱ። መያዣው ሲቆልፍ አረንጓዴ ምልክት ይታያል። በዚያ አይርኩ፤ ጆኪ ዊሏን መልሰው ወደ ታች ያሽከርክሩና የመኪናውን ኋላ ከፍ ካደረገ በእርግጥ ይዟል። ከዚያ ብሬክአዌይ ኬብሉን ያሰሩ፣ የስታቢላይዘሩን እጀታ ወደ ታች ይጫኑ፣ ስፒናውን ይሰኩ፣ ጆኪ ዊሏን እስከ መጨረሻው ሰብስበው ያጥብቁ፣ በመጨረሻም የካራቫኑን የእጅ ፍሬን ይልቀቁ። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ሁሉንም መብራት ያረጋግጥ። የመኪናዎ ታርጋ ቁጥር በቢጫ ሰሌዳ ከካራቫኑ ኋላ መኖር አለበት። ካራቫኑ ከመኪናው ከሰፋ ማራዘሚያ ስፖኪዮ ግዴታ ነው፤ ሕጉ ከኋላ በ20 ሜትር ርቀት የ4 ሜትር ስፋት እንዲያዩ ይጠይቃል፣ ቅጣቱም እስከ 1,000 ፓውንድና 3 ነጥብ ይደርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሊገዙት የሚገባ ዕቃ ካለ ይሄ ነው።

ጎማ ላይ ለአፍታ እንቆይ። የካራቫን ጎማ ብዙ አይሮጥም፤ የሚያልቀው በእርጅና ነው። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ በኋላ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር፣ ለምሳሌ 2319፣ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። 5 ዓመት ከሞላው ስለ መለወጥ ያስቡ፤ 7 ካለፈ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ይቀይሩ። ንፋሱ ጎማው ሳይሞቅ ይለካ፤ ልኩ በመመሪያው ላይ አለ፣ ከመኪና ጎማ ይበልጣል። ስኮርታ መኖሩን ይመልከቱ፤ ሁሉም ካራቫን የለውም። የቸርኬ ብሎኖችን በጉልበት ሳይሆን በቶርክ ቁልፍ ያጥብቁ። የብረትና የአሎይ ቸርኬ ልካቸው ይለያያል፣ ከመመሪያው ይውሰዱ። ካራቫኑን በማዕዘን እግሮቹ ላይ አያንሡ፤ እነሱ እንዳይነቃነቅ እንጂ ክብደት ለመሸከም አልተሠሩም፣ ወለሉን ይሰብራሉ። ለማንሣት ሻንሲው ላይ የሚገባ የራሱ ክሪክ አለው።

ቦታው ሲደርሱ፣ ያ የሚከራዩት ቦታ ፒች ይባላል። መጀመሪያ ግራና ቀኙን ያስተካክሉ። ይህ ከመኪናው ሳይላቀቅ፣ ዝቅ ባለው ጎማ ሥር መወጣጫ በማድረግ ነው የሚሠራው። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ታኮ ያድርጉ፣ ይላቀቁ፣ ፊትና ኋላውን በጆኪ ዊሏ በውሃ ልክ እያዩ ያስተካክሉ፣ በመጨረሻ አራቱን እግሮች መሬት እስኪነኩ ያውርዱ። ካራቫኑ ያዘነበለ ከሆነ በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራው ፍሪጅ በደንብ አያቀዘቅዝም።

የኤሌክትሪክ ገመዱ ብርቱካናማ፣ 25 ሜትር፣ ሰማያዊ ባለ ሦስት እግር ስፒና ያለው ነው። መጀመሪያ ካራቫኑ ላይ፣ ከዚያ ፒቹ ላይ ኤሌክትሪክ በሚሰጠው ምሰሶ ላይ ይሰኩ፤ ሲነሡ ተቃራኒውን። የተረፈው ገመድ በጥቅል አይቀመጥ፤ ማሞቂያ ሲበራ ጥቅሉ ውስጥ ሙቀት ተጠራቅሞ ገመዱ ይቀልጣል። ዘርግተው ካራቫኑ ሥር ይተዉት። ፒቹ 10 አምፒር ከሰጠዎት ያለዎት ኃይል 2,300 ዋት ነው፤ 16 ከሆነ 3,680። የቤት ውሃ ማፍያ ብቻውን 3,000 ዋት ስለሚወስድ ዝቅተኛ ዋት ያለው የካራቫን ማፍያ ይግዙ። ከአገር ቤት የመጣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ስለሚፈልግ የምሰሶውን ብሬከር ይጥለዋል፤ እንጀራውን ቤት ጋግረው ይዘው ቢመጡ ይሻላል።

ምሰሶ በሌለበት የሚሠሩበት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሌዠር ባትሪ ይባላል። ሞልቶ ሲያርፍ 12.7 ቮልት ያነባል። ከ12.2 በታች ደጋግሞ ማውረድ ዕድሜውን ያሳጥራል፤ ካራቫኑ ሲቆምም በየወሩ ይሞላ።

ጋዙ ሁለት ዓይነት ነው። በሰማያዊ ሲሊንደር የሚመጣው ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ያቆማል፤ በቀይ የሚመጣው ፕሮፔን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሠራል፤ ለእንግሊዝ አየር የሚበጀው ይህኛው ነው። ካራቫኑ ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ ከሆነ የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው ባለ 30 ሚሊባር ሬጉሌተር በጋዝ ሳጥኑ ግድግዳ ላይ ስለተገጠመ ለሁለቱም ይሆናል፤ የሚለየው ከሲሊንደሩ ጋር የሚያገናኘው አጭር ቱቦ ብቻ ነው። ቱቦው ላይ የተሠራበት ዓመት ታትሟል፤ ከተሰነጠቀ ወይም ካረጀ ይለወጥ። የፕሮፔን ጥርስ ግልባጭ ነው፤ ለማጥበቅ ወደ ግራ ይዞራል። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ይቁም እንጂ አይተኛ፣ በጉዞም ይዘጋ።

ወገኖቼ ሆይ፣ እዚህ ላይ ልለምናችሁ። ከካራቫን ውስጥ፣ ከድንኳኑም ውስጥ ቢሆን፣ በከሰል ቡና አይፈላም፤ ለዕጣንም ፍም አይገባም። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ ሰውን በእንቅልፉ ይወስዳል። የካራቫን ክፍል ጠባብ ስለሆነ ጋዙ ቶሎ ይሞላዋል። የከሰል ምድጃው ውጭ ከተሠራበት በኋላ አመድ ለብሶ ጠፍቶ ቢመስልም ለሰዓታት ማውጣቱን ይቀጥላል፤ ዝናብ መጣ ተብሎ ወደ ድንኳን አይግባ። ቡናውን በካራቫኑ ጋዝ ምድጃ ላይ፣ መስኮት ከፍተው ያፍሉት። ወለሉና ጣራው ላይ ያሉት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች በብርድ ምክንያት አይደፈኑ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ከሌለ ከድንኳኑ በፊት እሱን ይግዙ።

ውሃው የሚመጣው አኳሮል በሚባል በሚንከባለል 40 ሊትር በርሜል ነው፤ ሲሞላ ውሃው ብቻ 40 ኪሎ ስለሆነ ሞልቶ አይጫንም፣ ቦታው ሲደርሱ ይሞላል። ፓምፑ እየጮኸ ውሃ ካልመጣ አየር ይዟል፤ ውሃው ውስጥ እንዳለ ያናውጡት። የውሃ ማሞቂያውን ባዶውን አያብሩ። በክረምት ከመቆሙ በፊት ሁሉንም ውሃ ያፍስሱ፣ ቧንቧዎቹንም ከፍተው ይተዉ፤ የቀረ ውሃ በረዶ ሆኖ ማሞቂያውንና ቧንቧውን ይሰነጥቃል። ሽንት ቤቱ ከውጭ በትንሽ በር የሚወጣ ካሴት አለው፤ ሰማያዊው ፈሳሽ ወደ ካሴቱ፣ ሮዙ ወደ ማጠቢያው ውሃ ይገባል። የሚደፋው ኤልሳን ፖይንት በሚባለው የተለየ ቦታ ብቻ ነው። በረኪና አይጨምሩበት፣ የላስቲክ ማሸጊያውን ይበላዋል።

ያገለገለ ስለሆነ ሁለት ነገር ዛሬውኑ ያጣሩ። ከ1992 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩ የብሪታንያ ካራቫኖች ክሪስ በሚባል መዝገብ ይመዘገባሉ፤ 17 ፊደልና አኃዝ ያለው ቁጥር ሻንሲውና መስታወቶቹ ላይ ይገኛል። ቁጥሮቹ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ያስተያዩ፣ የተሰረቀ ወይም ዕዳ ያለበት እንዳይሆን በመዝገቡ ያስፈትሹ። ሁለተኛው እርጥበት ነው። በማዕዘኖቹ፣ በመስኮቶቹ ሥር፣ በፊት ሳጥኖቹ ውስጥ ግድግዳውን በጣት ይጫኑ፤ ከለሰለሰ ወይም የሻጋታ ሽታ ካለ ውሃ ገብቷል። በእርጥበት መለኪያ እስከ 15 በመቶ ደህና ነው፣ ከ20 በላይ ምንጩ መፈለግ አለበት። እርጥበት የሚበላው ውስጡ ያለውን የእንጨት አጽም ስለሆነ፣ ከውጭ ሲታይ ጊዜው አልፏል። ካራቫኑን ከዓመት በላይ ሰው ካልነካው ፍሬኑንና ኩሽኔታውን ለባለሙያ ይስጡ፤ የጎማ ማዕከሉን የሚይዘው ትልቁ ዳዶ አንድ ጊዜ ከተፈታ በአዲስ ነው የሚተካው፣ አሮጌውን መልሶ ማጥበቅ አይፈቀድም።

መቆለፊያ ሁለት ይኑርዎት፤ አንዱ ለመያዣው፣ አንዱ ለጎማው። የመኪናዎ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ በሚጎትቱበት ጊዜ ሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ይሸፍናል እንጂ የካራቫኑን ስርቆት አይሸፍንም። ለካራቫኑ የተለየ ኢንሹራንስ ሲገቡ የትኛው ዓይነት መቆለፊያ እንደሚጠየቅ ውሉ ላይ ያንብቡ፤ ሌላ ዓይነት ከገዙ ክፍያው ሊከለከል ይችላል።

ድንኳኑን መጨረሻ ላይ ያድርጉት። ሙሉውን ጎን የሚሸፍነው ዓይነት የሚለካው ካራቫኑ ጎን ላይ ያለውን ሐዲድ ተከትሎ ከመሬት እስከ መሬት በሴንቲሜትር ነው፤ ያን ቁጥር ሳይዙ አይግዙ። ለመጀመሪያው ዓመት በሩን ብቻ የሚሸፍነው ትንሹ ይበቃል፣ ክብደቱም ግማሽ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ 30 ማይል ያህል ርቀት ላይ ወዳለ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ወዳለው ቦታ ለሁለት ሌሊት ይሁን። ጎማ ካስፈቱ ወይም ካስለወጡ፣ እዚያ እንደደረሱ ገና ከመኪናው ሳያላቅቁ የቸርኬ ብሎኖቹን በቶርክ ቁልፉ ደግመው ይፈትሹ፤ አዲስ የተገጠመ ቸርኬ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ሊላላ ይችላል።